የአንድ ቀን ሳፋሪ በሴሬንጌቲና በማሳይ ማራ፦ ከንጋት እስከ ምሽት አራዊትን እንዴት እንደምታገኙና እንደምታዩ

በሴሬንጌቲ ወይም በማሳይ ማራ ሙሉ ቀን መኪና ላይ ውሎ ሁለት የተኙ አንበሶችና የፊተኛውን መኪና አቧራ ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ጥቂት አይደለም። አራዊቱ ጠፍተው አይደለም። የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ብቻውን 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰሜን በኩል ድንበር ላይ የሚገናኘው የኬንያው ማሳይ ማራ ደግሞ 1,510 ያህል ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልድቢስት (ከብት የሚመስል ቀንዳም የሜዳ እንስሳ)፣ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ የሜዳ አህዮችና የሜዳ ፍየሎች ጋር ዓመቱን ሙሉ በዚህ ምድር ይዞራል፤ አዳኞቹም እዚያው ናቸው። ቀኑን የሚያበላሸው በአብዛኛው አርፍዶ መውጣትና መኪናውን አለማቆም ነው። ብዙ የሚያየው ብዙ የነዳ ሳይሆን ሞተር አጥፍቶ የተመለከተና ያዳመጠ ነው። የሚከተለው መመሪያም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

ስለ ሰዓት አቆጣጠር

ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ አማርኛው ነው። አስጎብኚው «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ አሱቡሂ» ካለ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የሆቴሉ ወረቀትና የፓርኩ በር ላይ ግን ያው ሰዓት 6:00 ተብሎ ይጻፋል። በእንግሊዝኛ «ስድስት ሰዓት» ተባብላችሁ በአማርኛ አስባችሁ ከተኛችሁ ንጋቱ ያመልጣችኋል። ማታውኑ ሁለቱንም አቆጣጠር ጠቅሳችሁ ተስማሙ። እዚህ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። አካባቢው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12:30 ገደማ ትወጣለች፣ ከምሽቱ 12:30 ገደማ ትጠልቃለች፤ የምሽቱ ድንግዝግዝም ቶሎ ያልቃል።

ከመሄዳችሁ በፊት

መጀመሪያ መንጋው የት እንዳለ እወቁ፤ ቦታው በወቅት ይለያያል። በጥርና በየካቲት በደቡብ ሴሬንጌቲ በንዱቱ ዙሪያ ባለው አጭር ሣር ላይ ይወልዳል። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ሰሜን ሴሬንጌቲና ማራ ላይ ነው፤ የማራ ወንዝ መሻገር የሚታየውም ያኔ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ስለሚጥል ሣሩ ይረዝማል፣ መንገዱም ይጨቀያል። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ ጎሽና ጉማሬ ግን ከመንጋው ጋር አይሰደዱም፤ በየትኛውም ወር ይገኛሉ።

ልብስ ስትመርጡ ሰማያዊና ጥቁር ተዉ። ምክንያቱ ፄፄ ዝንብ ነው፤ በእነዚህ ሁለት ቀለማት ስለሚሳብ ማጥመጃው ራሱ ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ይሠራል። ሲነክስ በስስ ጨርቅ ውስጥ ያልፋል፣ የሚቀባ መከላከያም ብዙ አይመልሰውም፤ ስለዚህ ወፈር ያለ የአፈር ወይም የደረቀ ሣር ቀለም ያለው እጅጌ ረጅም ልብስ ይሻላል። ፄፄ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሚከተል ጫካ ውስጥ ስታልፉ መስኮት ዝጉ። ንጋት ላይ ማራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ጣሪያው በተከፈተ መኪና ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሹራብ፣ የንፋስ ጃኬትና ኮፍያ ደርቡ፤ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ታወልቃላችሁ። አቧራ ለመከላከል ቀጭን ነጠላ ወይም ሻርፕ ያዙ። የዓይን ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ በዚያ ቀን በመነጽር ቀይሩት።

ባይኖኩላር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ይሁን። ለሁለት መዋስ አይሠራም፤ ተራችሁ እስኪደርስ ነብሩ ሣሩ ውስጥ ገብቷል። 8 በ42 የሚባለው መጠን ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው። ስምንቱ የሚያጎላበት እጥፍ፣ 42ቱ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ይህ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፣ ንጋት ላይ የዓይን ብሌን ሲሰፋ ያስፈልጋችኋል። 10 እጥፍ የሚያጎላው ደግሞ የእጅንና የመኪናን ንቅናቄ አብሮ ያጎላል።

ካሜራ ለያዘ ሰው ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ይበቃል። ትሪፖድ መኪና ውስጥ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። በምትኩ ባዶ የጨርቅ ከረጢት ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያ ሁለት ኪሎ ያህል ሩዝ ወይም ባቄላ ሙሉበት፤ የመኪናው ጠርዝ ላይ ስታስቀምጡት ሌንሱን እንደ ትራስ ይይዘዋል። ሌንስ ሜዳ ላይ አትቀይሩ፣ አቧራው ውስጥ ይገባል። ለሚሮጥ እንስሳ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ አታሳንሱ፤ ብርሃኑ ካልበቃ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ አድርጉ። ትንሽ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ይታያል፣ የተንቀጠቀጠ ግን አይድንም።

የወባ መከላከያ መድኃኒትን ሐኪም ከጉዞው ሳምንታት ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይሁን። በስስ የፕላስቲክ ከረጢት የተያዘ ዕቃ ይዛችሁ አትግቡ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 አግደውታል። ድሮንም ያለ ልዩ ፈቃድ አይበርም። ውኃ ለአንድ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር፣ ደጋግሞ በሚሞላ ዕቃ ያዙ።

ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 12:30፦ አወጣጥ

1. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ፣ ሻይ ወይም ቡና ጠጡ፣ መጸዳጃ ቤት ግቡ። ቁርስ ታሽጎ ይጫን። ሆቴል ቁጭ ብሎ ቁርስ የሚበላ ሰው አዳኞች በእግራቸው ያሉበትን ሁለት ሰዓት ይሰዋል።
2. ባትሪና ማስታወሻ ካርድ ማታ ተፈትሾ ያደረ ቢሆንም ካሜራውን ከከረጢቱ አውጡ። ዝግጁ ያልሆነ ካሜራ ዚፕ ሲከፈት ድምፅ ያሰማል፣ ጊዜም ይፈጃል።
3. ለአስጎብኚው የምትፈልጉትን በግልጽ ንገሩት። «አምስቱን ታላላቆች አሳየን» ካላችሁት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሯሩጣችሁ ይውላል። አምስቱ የሚባሉት አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ ናቸው፤ ስሙም የመጣው በእግር ለማደን አደገኛ ናቸው ካሉ አዳኞች እንጂ ለተመልካች ተብሎ አይደለም። «ጥቂት ቦታ፣ ብዙ ቆይታ እንፈልጋለን፤ አስጎብኚዎች አራዊት የታየበትን የምትነጋገሩበት ሬዲዮ ለእኛ አያስፈልግም» ማለት ይሻላል።
4. የፓርኩ በር በአብዛኛው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። ከፓርኩ ውጭ የምታድሩ ከሆነ በሩ ሲከፈት እዚያ ሁኑ።

ከ12:30 እስከ 3:30፦ የቀኑ ዋና ሰዓት

በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ሂዱ። በየሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትሩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ፣ ሞተር ይጥፋ፣ ለአምስት ደቂቃ ማንም አይናገር። የመጀመሪያው ደቂቃ ባዶ ይመስላል። ከዚያ የጅብ ጩኸት፣ የጅግራ ጫጫታ፣ የራቀ የአንበሳ ድምፅ መስማት ትጀምራላችሁ፤ ሞተር በርቶ ቢሆን ኖሮ አንዱም አይሰማም ነበር።

በዓይን ስትፈልጉ ሜዳውን በሦስት ንብርብር ክፈሉት፦ ከመንገዱ እስከ 50 ሜትር፣ ከዚያ እስከ 200፣ ከዚያ እስከ አድማሱ። መጀመሪያ ቅርቡን ከቀኝ ወደ ግራ አጣሩ። አማርኛ አንባቢ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ስለለመደ በዚያ አቅጣጫ ዓይኑ እየዘለለ ያልፋል፤ ሲገለብጡት ይዘገያል። የምትፈልጉት ሙሉ እንስሳ አይደለም። ቀጥ ባሉ የሣርና የግንድ መስመሮች መካከል አግድም የሆነ ነገር፣ ክብ የሆነ ጆሮ፣ የሚወዛወዝ የጅራት ጫፍ ነው። ኩይሳ የመሰለ ጉብታ ሁሉ በባይኖኩላር ይታይ፤ አቦሸማኔ ኩይሳ ላይ ወጥታ ሜዳውን መቃኘት ትወዳለች። በሴሬንጌቲ ያሉት የድንጋይ ጉብታዎች ላይ ደግሞ አንበሶች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጠርዙን ብቻ ሳይሆን በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ጥላ ተመልከቱ።

ነብር ለማግኘት በሴሮኔራ ወንዝ ዳር ያሉትን ትልልቅ ዛፎች አንድ በአንድ አጣሩ። ቅጠሉ ላይ አታፍጡ። ወደ ጎን የተዘረጋውን ወፍራም ቅርንጫፍ ከግንዱ ጀምራችሁ እስከ ጫፉ ተከተሉት፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገኘው ወደ ታች የተንጠለጠለ ጅራት ወይም እግር ነው። መንታ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ የሜዳ ፍየል በድን ካያችሁ ባለቤቷ ሩቅ አይደለችም፤ መጠበቅ ያዋጣል።

ሌሎች እንስሳት የሚነግሯችሁ

አስጎብኚ ከእንግዳ የሚበልጠው በዓይኑ አይደለም፣ በሚያነበው ምልክት ነው። የሚከተሉትን ማንም ሊማራቸው ይችላል።

ቀጭኔ ሣር በሚጋጡት ሁሉ ላይ ረዝማ ስለምታይ ዘብ ናት። ማኘኳን አቁማ፣ ጆሮዋን ወደፊት አቁማ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ከፈጠጠች እዚያ አዳኝ አለ። ሁለትና ሦስት ቀጭኔዎች ወደ አንድ ቦታ ሲያዩ ነገሩ እርግጥ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ቀጭኔዎቹ አትሂዱ፤ የዓይናቸውን መስመር ተከተሉ። ኢምፓላ (የሜዳ ፍየል ዓይነት) በአፍንጫዋ ቆርጣ የምታሰማው ማስነጠስ የመሰለ ድምፅም ማስጠንቀቂያ ነው። የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፦ አዳኙን ያየ እንስሳ ሁልጊዜ አይሸሽም፤ እንዲያውም ወደ እሱ ዞሮ ይቆማል፣ ምክንያቱም የታየ አንበሳ አድብቶ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ መንጋው ቆሟልና ሰላም ነው አትበሉ። ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ሆኖ ደጋግሞ ከጮኸ ነብር ጠርጥሩ።

ጥንብ አንሳ ከፍ ብሎ ሲዞር ገና ፍለጋ ላይ ነው። ክንፉን ሰብስቦ እግሩን አንጠልጥሎ ሲወርድ ግን በድን አግኝቷል፤ መኪናውን አዙሩ። ዛፍ ላይ ተደርድሮ የሚጠብቅ ከሆነ አዳኙ ገና እየበላ ነው። መሬቱ ሳይሞቅ ጥንብ አንሳ መንሳፈፍ ስለሚያቅተው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ብዙ አሞራ አንድ ዛፍ ላይ ካያችሁ ሌሊት የታደነ ነገር ሊኖር ይችላል፤ እዚያው ያደሩም ሊሆኑ ይችላሉ።

ዱካ የሚነበበው ፀሐይ ዝቅ ብላ ጥላ ስታጠላበት ነው። ከመኪና ሳትወርዱ መንገዱ ላይ ያለውን አቧራ ተመልከቱ። የአንበሳ ኮቴ ክብ፣ ከ11 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ አራት ጣት ይታያል፣ ጥፍር አይታይም፣ የኋላው ትራስ ጠርዙ ላይ ሦስት ጉብታ አለው። የነብር ቅርጹ ያው ሆኖ መጠኑ ያንሳል። የጅብ ኮቴ ጥፍሩ ተነጥቦ ይታያል፤ የአቦሸማኔም እንዲሁ፣ ምክንያቱም እንደ ሌሎቹ የድመት ወገኖች ጥፍሯን ሙሉ በሙሉ አትሰበስብም። ቀጥሎ ዕድሜውን አንብቡ። ዱካው በትናንት የጎማ መስመር ላይ ካረፈ ሌሊት ወይም ዛሬ ያለፈ ነው። ውስጡ የጤዛ ነጠብጣብ ቀዳዳ ቀዳዳ ካደረገው ከጤዛው በፊት አልፏል፣ አሁን ሩቅ ነው። ጠርዙ ስለታም፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ጉንዳን እንኳ ያልተሻገረበት ከሆነ ግን መኪናውን አቁማችሁ በዱካው አቅጣጫ ያለውን ጥላ ሁሉ ፈትሹ።

ሲገኝ፦ መኪናውን የት ማቆም

የማራ ደንብ ከአንድ እንስሳ ዙሪያ ከአምስት በላይ መኪና እንዳይቆም፣ ቢያንስ 25 ሜትር እንዲራቅ፣ ሌሎች እየጠበቁ ከሆነ ከ10 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ያዛል። ደንቡ ባይኖርም ልታደርጉት የሚገባ ነው። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። የሚራመድ አንበሳ ከኋላ አይከተሉትም፣ ፊቱም አይዘጋበትም፤ ከሚሄድበት መስመር ጎን ለጎን አልፋችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉና እሱ ይምጣ። እዚህ ላይ አስጎብኚው ከመንገድ ወጥቶ እንዲጠጋ አትገፋፉት። ጉቦና ልመና ለሹፌሩ ቅጣት፣ ለሣሩ ጠባሳ ነው።

በሚያድን አዳኝና በታዳኙ መካከል ፈጽሞ አትግቡ። ይህ ከሁሉ በላይ አቦሸማኔን ይጎዳል። የምታድነው በቀን ነው፣ የምትሮጠው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው፣ ከያዘች በኋላ ለረጅም ጊዜ ታለከልካለች፣ በዚያ መሀል ጅብ ሊነጥቃት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በማራ የተካሄደ ጥናት፣ ቱሪስት በሚበዛበት አካባቢ አንዲት እናት አቦሸማኔ ከአንድ ወሊድ ለአቅም የምታደርሰው ግልገል በአማካይ 0.2 ሲሆን፣ ቱሪስት በሚያንስበት ግን 2.3 እንደሆነ አሳይቷል። ይህን ቁጥር ይዞ ግልገል ያላትን እናት በመኪና መክበብ ይከብዳል። አሥር መኪና ካለ እናንተ አሥራ አንደኛው አትሁኑ።

የርቀቱ መለኪያ ሜትር ብቻ አይደለም፣ የእንስሳው ጠባይ ነው። ይጋጥ የነበረው ቀና ካለ፣ ያጠባ የነበረው ከተነሣ፣ የተኛው አቀማመጡን ከቀየረ ቀርባችኋል፤ ወደኋላ በሉ። አንበሳ መኪናውን እንደ አንድ ትልቅ ነገር ነው የሚያየው፤ ከመስኮት ወጥቶ የተንጠለጠለ እጅ ወይም ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው ያንን ቅርጽ ይሰብራል።

ዝሆን ለብቻው ይታይ። መኪናውን ስታቆሙ መውጫው ክፍት ይሁን፣ እናትና ግልገል ግራና ቀኝ እንዳይለያዩባችሁ ተጠንቀቁ። ጆሮውን ዘርግቶ ራሱን የሚያንቀጠቅጥ፣ አፈር የሚበትን፣ የሚጮህ ዝሆን በአብዛኛው ሂዱልኝ እያለ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ሽሹ። ጆሮውን ወደኋላ ለጥፎ ኩምቢውን አጥፎ ዝም ብሎ የሚመጣው ግን የምሩን ነው። ከዓይኑና ከጆሮው መካከል ጥቁር ፈሳሽ የሚወርድበት፣ የኋላ እግሩ በሽንት የረጠበ ወንድ ዝሆን የመራቢያ ግለት ላይ ነው፤ በሩቅ አይታችሁ እለፉት።

ቀትር

ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አዳኞቹ ይተኛሉ፤ አንበሳ ከቀኑ 24 ሰዓት እስከ 20ው ድረስ ሊያርፍ ይችላል። ሙቀቱም በባይኖኩላር የምታዩትን ያንቀጠቅጠዋል፣ የሩቅ ፎቶ አይጠራም። ይህን ሰዓት በውኃ ዳር አሳልፉ፦ የጉማሬ ኩሬ፣ ዝሆን የሚጠጣበት ወንዝ። ጉማሬና ውኃው መካከል መቆም ክልክል መሆኑን አስቡ። ምሳ በተፈቀደ ቦታ ብቻ ይበላል። ጭልፊት ከሰማይ ወርዶ ሳንድዊች ከእጅ ይነጥቃል፣ ጥፍሩም ያቆስላል፤ ጦጣም ከረጢት ከፍታ ትበላለች፤ መኪና ውስጥ ብሉ። ፍርፋሪ አትጣሉ፣ ምግብ የለመደ ጦጣ ኋላ ይናከሳል።

ወንዝ መሻገር የምትጠብቁ ከሆነ ትዕግሥት ይዛችሁ ሂዱ፤ መንጋው ወንዙ ጫፍ ደርሶ ሰዓታት ቆሞ ሊመለስ ይችላል። ስህተቱ መኪናውን መውረጃው አፋፍ ላይ ማቆም ነው። ፊት ያሉት ዊልድቢስቶች መኪና ካዩ ይዞራሉ፣ ኋላ ያለው አቧራ ይነሣል፣ መሻገሩም ይቀራል። ራቅ ብላችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ፤ የፊተኞቹ ውኃ ገብተው የመንጋው ሰልፍ ከተያያዘ በኋላ ብቻ ተጠጉ።

ከቀኑ 9:30 እስከ መሸ

ጠዋት የተኙበትን ያወቃችኋቸውን አንበሶች አሁን ደግማችሁ ጎብኙ። አዲስ ፍለጋ ከመጀመር ይሻላል። ከ10:30 በኋላ ማዛጋት፣ መንጠራራት፣ እርስ በርስ መታሸት ይጀምራሉ፤ ማዛጋቱ ሲደጋገም ሊነሡ ይችላሉና ካሜራ ይዘጋጅ። ዝናብ ካንዣበበ መንገዱን ጠይቁ፦ ጥቁሩ መረሬ አፈር በደቂቃዎች ውስጥ ጎማ ይይዛል፤ ጭቃ መሀል አይቆምም፣ ከአንዱ ደረቅ ወደ ሌላው ደረቅ በአንድ ፍጥነት ይታለፋል።

በሩ በአብዛኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በሁለቱም ፓርክ ውስጥ በጨለማ መንዳት አይፈቀድም። ስለዚህ የመመለሻውን ርቀት በኪሎ ሜትር ጠይቃችሁ፣ በሰዓት 30 አስልታችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ጨምሩበት። 30 ኪሎ ሜትር ከቀራችሁ ከ10:40 በፊት ፊታችሁን ወደ በሩ አዙሩ፤ ደህና ነብር የሚገኘውም ብዙ ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ ስለሆነ ትርፍ ደቂቃ አትጠሉም። ማደሪያ ስትደርሱ ሌንሱን ከመጥረጋችሁ በፊት አቧራውን በመንፊያ አንሡ፤ በደረቅ ጨርቅ ከጠረጋችሁት አሸዋው ይፍቀዋል። ያያችሁትን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፤ ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስትነሡ የመጀመሪያው አቅጣጫ የሚመረጠው ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።